ጋቢዬ ላይ የዋለው አባ ጨጓሬ

አባ ጨጓሬ የሚባለውን ጠጉራም ትል ታውቁት የለ? እኔም አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። በጃንሆይ ዘመን ሐረር የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ስለ ትል የሚያወራ ባለሥዕል መጽሐፍ ነበረኝ። ከዚያ ሁሉ ገጽ የያዝኩት ይቺን ብቻ ነው፦ ደማቁ መርዘኛ፣ ደብዛዛው ደህና። አለቀ!

አንድ ቅዳሜ ጋቢዬን አጥቤ፣ ፈላና በር ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ፣ ከብሳናው ዛፍ ሥር አጥሩ ላይ አሰጣሁት። አከራዬ እትዬ በለጡ፣ «ተው ልጄ፣ እዚያ አባ ጨጓሬ ይወርድበታል» አሉኝ። እውነትም አንዱ ወርዶ ጋቢዬ ላይ ይንፏቀቃል። አየሁት፤ ቡናማ ነው። «ይሄ ደህናው ነው» ብዬ በእንጨት አንስቼ ጣልኩት። እሳቸውም «እሱስ ሄደ፤ ጠጉሩስ?» አሉ። ማን ይሰማል? የተማርኩ ነኛ!

በማግስቱ ሽምግልና ነበረብን። የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ ታምሩ፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የምትኖር አልማዝ የምትባል ልጅ ወዶ እህል አልወርድለት ብሏል። አገሩ ሩቅ ነው፣ ዘመድ የለው። ሁለት የሰፈር አዛውንት ለመንን፤ ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ሽማግሌ ለመምሰል ያንኑ ጋቢ ተከናነብኩ።

ደንቡን መቼም ታውቃላችሁ፤ ጉዳይህ ሳይሰማ አትቀመጥም። የልጅቱ አባት ባሻ ደስታ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ፊታቸው አይፈታም። ቆምን። ትልቁ ሽማግሌ ነገሩን ከአዳም ጀመሩት። አዳም ሔዋንን ሳያገኝ አንገቴን በላኝ። ኖኅ መርከቡን ሳይጨርስ ጀርባዬ ተቃጠለ። እግዚኦ! ባከክ «እከካም የላከብን ማነው?» ተብሎ ታምሩ መቅረቱ ነው። ጥርሴን ነከስኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አብርሃም ላይ ሲደርሱ ግን አልቻልኩም፤ በሁለት እጄ አከክሁት።

ባሻ ተነሥተው አንገቴን አዩና፣ «ጋቢህን የት ነው ያሰጣኸው?» አሉኝ። ብሳና ሥር አልኳቸው። ወደ ኋላ ዘለሉ! ለካ በውትድርና ዘመናቸው ብሳና ሥር ሰፍረው፣ በአባ ጨጓሬ ጠጉር ወር ሙሉ ሲያኩ ከርመዋል። እንደ ወጉ ቢሆን «እንመካከር፣ ለሳምንት ተመለሱ» ነበር የሚሉት። ሦስቴም ያመላልሳሉ። እሳቸው ግን «ይሄ ጋቢ ዳግመኛ ደጄን ከሚረግጥ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ! ውጡልኝ!» አሉ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባል የለ? እኔን መከራ መከረኝ፤ ሚስት ያገኘው ግን ታምሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሊያጭ የሚያስብ ጎረምሳ ሁሉ ቤቴ ይመጣል። መጽሐፌን የጠየቀኝ አንድም የለም። «እባክህ ጋሼ፣ ጋቢህን ብሳናው ሥር አሳድረህ አውሰኝ» ነው የሚለኝ።