ሊቀ ጨው ፋኑኤል እና የሳሎኑ ባሕር

በየሰፈሩ የሰው አፍ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ሥጋ ቤት ሲገባ ሰላምታ የሚሰጠው ለሚዛኑ ነው። ዝናብ መጣ ሲሉት ሰማዩን ትቶ ስልኩን ያያል። አተኮሰኝ ብለው ቢተኙ ግንባርዎን አይነካም፤ ቴርሞሜትር ፍለጋ ይወጣና ሲመለስ ድነው ያገኝዎታል። ወላይታ ሶዶም ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ድርሻዋ ደርሷታል። ወይንሸት ደግሞ ከዚያ ድርሻ አንዱን አገባች።

ባሏ ፋኑኤል በሙያው የመሬት ቀያሽ ነው። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይለዋል፤ ወይንሸት ግን ስትናደድም ስትስቅም የምትጠራው "ሊቀ ጨው" ብላ ነው። ማዕረጉን የሰጠችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጅቡቲ መንገድ ሥራ ላይ ከርሞ ሲመለስ "ባሕር እኮ ቤት ይገባል!" አለና ቡፌዋን ከሳሎን አስነስቶ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ተከለበት። ቡፌው ይኸው እስከ ዛሬ መኝታ ቤት አልጋውን ተጠግቶ ቆሟል።

ከአዲስ አበባ የባሕር ጨው በባልዲ ተጭኖ መጣ፤ የወጥ ጨው አይሆንም ተባለ። ቀጥሎ በውኃ በተሞላ ፌስታል ሁለት ትንንሽ ዓሦች መጡ፤ ብርቱካናማ ናቸው፣ ነጭ ቀበቶ ታጥቀዋል። ወይንሸት ልትቆጣ ተዘጋጅታ ነበር፤ ስታያቸው ግን "ውይ፣ ሙሽሮች!" አለች። ስማቸውም በዚያው ጸደቀ። ሙሽሪት ተለቅ ትላለች፤ ሙሽራው ከኋላዋ አይጠፋም። "እንዲህ ነው ባል፤ አንድም ቀን አልለካትም" ትላለች ወይንሸት።

ሊቀ ጨው የሚለካው ሬፍራክቶሜትር በሚባል፣ በእጅ ጭብጥ በሚያዝ መነጽር ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ጠብታ ውኃ ያኖራል፣ ክዳኑን ይከድናል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ያያል። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ያለው ቁጥር የጨው ልኩ ነው። የባሕር ልክ ሠላሳ አምስት ነው፤ በኪሎ ውኃ ሠላሳ አምስት ግራም ጨው ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ "ሠላሳ አምስት!" ብሎ ሲጮኽ በራፉ ላይ ተራ የሚጠብቁት ባጃጆች ሳይቀሩ ይሰማሉ።

ነገሩ በዓሣ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ከክክ ወጡ ላይ በማንኪያ ጫፍ ጨልፎ፣ መነጽሩ ላይ ጠብ አድርጎ ወደ መስኮት ሲያዞር ወይንሸት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የእሷን የበርበሬ ዳጣማ ሦስት ጊዜ ለክቶታል። "ወይንሸት፣ ዳጣሽ ከባሕር ይበልጣል!" አላት።

"ታዲያ ባሕሩ ይፈር!" አለችው።

በዐቢይ ጾም ግን ነገሩ ይከራል። ወይንሸት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ወጡን ሳትቀምስ ነው ጨው የምትጨምረው።

"ሳትቀምሺ በምን አወቅሽ?"

"በእጄ።"

"እጅ መለኪያ ነው እንዴ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት በልተህበታል፤ ጨው በዛ ብለህ ታውቃለህ?"

አያውቅም። ቢሆንም "አፍ ይሳሳታል፣ እጅም ይሳሳታል፤ መስታወት አይሳሳትም" ሳይል አይነሳም። ሌላ ሰው ለክቶ ቁጥር ቢነግረው ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ደግመሽ እዪ።" ለወንድ ሲሆን "ደግመህ እይ።"

መነጽሩም ቢሆን በየጊዜው ዜሮው መስተካከል አለበት። ለዚህ ውስጡ ምንም ነገር የሌለበት ውኃ ጠብ ይደረግና መስመሩ ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ትንሿ ብሎን ትዞራለች። ፋኑኤል ለዚህ የሚጠቀመው የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ ነው፤ የሚገዛውም ከመለዋወጫ ነጋዴው ከቶማ። ዘንድሮ ጾሙ ሲጋመስ ቶማ እጁን ዘረጋ።

"ውኃዋ አለቀች፣ ኢንጂነር። ሐሙስ ከሐዋሳ ትመጣለች።"

የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልተናገረም። ማታ ግን ፋኑኤል ደስ ብሎት ታየ። "ንጹሕ ውኃ አግኝቻለሁ" አላት ወይንሸትን፤ ከየት እንዳገኘ እሷም አልጠየቀችም።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ሙሽሪት ምግብ ተወች። ገንዳው ጥግ ተወሽቃ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ሙሽራው ይዞራታል። ፋኑኤል ለካ፤ ሠላሳ አምስት። ጠርጎ ለካ፤ ሠላሳ አምስት። ወይንሸት ከጀርባው ቆማ የገንዳውን ጠርዝ አየች።

"ጨው በዝቷል። መስታወቱ ነጭ አውጥቷል፣ አታይም?"

"መስታወት አይሳሳትም" አለ። ድምፁ ግን የወትሮው አልነበረም። ማታ ራቱን ነካ አድርጎ ተወውና ገንዳው ፊት ተቀመጠ። "ሙሽሪት ከሞተች ሌላ አላመጣም። ገንዳውን እሸጠዋለሁ፤ ቡፌሽ ወደ ቦታው ይመለስ።"

ሦስት ዓመት ስትጠብቃት የኖረች ቃል ነበረች። ስትሰማት ግን አልጣመቻትም። ጠዋት ጠዋት ያ ጩኸት የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው? ቡፌውማ መኝታ ቤቱን ለምዶታል።

ምስጢሩ የተገለጠው የሕማማት ሰኞ ጠዋት ነው። ወይንሸት በባዶ ሆዷ ጸበሏን ትጠጣለች፤ በጾም ሰዓት አፏ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። የፊተኛው ስላለቀባት እህቷ ከተበላ ከተማ ወዲያ ካለው የቆላ ምንጭ ያመጣችላትን ቢጫ ጀሪካን አነሳች። ቀለላት፤ ሰው ነክቶታል። አማትባ ተጎነጨች። አፏ ላይ እንደያዘችው ቆመች።

ጨው ጨው ይላል።

"ፋኑኤል! ከዚህ ጀሪካን የቀዳው ማነው?"

ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወደ ሳሎን አመራች።

"ሊቀ ጨው!"

"እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ለዜሮው። መቼም ከጸበል የበለጠ ንጹሕ ውኃ…"

"ጸበል ለፈውስ ነው እንጂ ለዜሮ ማን አለህ! ይሄ ከመሬት ሆድ ጨው ይዞ የወጣ ነው፤ ቅመሰው!"

ፋኑኤል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር በምላሱ ለካ። ፊቱ ተለዋወጠ። ጨው ያለበትን ውኃ "ባዶ" ብሎ መነጽሩን ካስተማረው፣ መነጽሩ ያን ያህል ጨው መቁጠር ትቷል ማለት ነው። እሱ ደግሞ "ጎደለ" እያለ ሲጨምርበት ሰነበተ! ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ወደ ቶማ ሱቅ ሮጠ፤ ወይንሸትም ነጠላዋን እያጣፋች ተከተለችው።

"ሐሙስ ትመጣለች አላልኳችሁም? መጣች እኮ!" አለ ቶማ የውኃውን ጠርሙስ እያቀበለ፤ ማንም አልሰማውም።

አዲስ ዜሮ። ሁለት ጠብታ ከገንዳው። "ሠላሳ ዘጠኝ!" ጩኸቱ ተራ የያዙትን ባጃጆች አስደነገጠ። ወይንሸት ጨዋማውን ውኃ አሁኑኑ ቀድታ ጨው የሌለበት ልትተካለት ባልዲ ይዛ መጣች፤ እሱ ግን እጇን ያዘ።

"በአንዴ ካወረድነው ይደነግጣሉ። በቀን አንድ ቁጥር።"

ሰኞ ማታ ሠላሳ ስምንት። ማክሰኞ ሠላሳ ሰባት። ከስግደት በተመለሱ ቁጥር ሁለቱም ጫማቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ ገንዳውን ያያሉ። ረቡዕ ሙሽሪት ከጥጓ ወጣ አለች። ሐሙስ ሠላሳ አምስት ገባ፤ ይኸኛው እውነተኛው ነው።

የስቅለት ዕለት፣ አገር ምድሩ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ ሙሽሪት ወደ ላይ መጥታ ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ፍርፋሪ ላፍ አደረገች።

"ገደፈች!" አለች ወይንሸት፤ በዚያ ቀን መሳቅ እንደማይገባ እያወቀች ሳቀች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ከፋሲካ በኋላ ፋኑኤል ለቅየሳ ወደ በዴሳ ከተማ ወረደ። ቤቱን ለወይንሸት፣ ባሕሩንም ለወይንሸት ትቶ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

"ስንት ነው?"

"ሠላሳ አምስት።"

ወይንሸት ጆሮዋን አዘጋጅታ ሃያ ሁለት ዓመት የምታውቃትን ቃል ጠበቀች።

"እሺ" አለ። "በይ ደህና ዋይ።"

ስልኩን ይዛ ገንዳው ፊት ቆማ ቀረች። "ደግመሽ እዪ" ሳይል ቃሏን አመነ። በአንድ እጇ መነጽሩን እንደያዘች ነበር፤ ከመደወሉ በፊት ሦስት ጊዜ ደጋግማ እንዳየች ግን አልነገረችውም።