በፍልሰታ የወፈሩት ጋሽ መኮንን

እኛ ሰው ሲወፍር የምናሞግስ ሕዝብ ነን። «ተመችቶሃል!»፣ «ፊትህ ሞላ፣ አማረብህ!» እንላለን፤ የተባለውም ሰው ሆዱን እያሻሸ «ተመስገን» ይላል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ለኢንሹራንስ የተጋጩ መኪኖችን ስመረምር ስለኖርኩ፣ አንድ ነገር ካለወትሮው ሲያብጥም ሲጎድልም «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ማለት ለምዶብኛል። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሽታ ትለዋለች። እናንተም የፈለጋችሁትን በሉት።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከእኛ በላይ ያሉት ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ልባቸው ደክሞ ደክሞ እንቢ ሲላቸው ሕንድ አገር ሄደው የአንድ የሞተ ወጣት ልብ ተተክሎላቸው ተመለሱ። ሰውነታቸው እንግዳውን ልብ እንዳይዋጋው በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ሳያዛንፉ የሚውጡት መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ፈጽሞ ተከለከሉ። ጋሽ መኮንን ደረታቸው ሲከፈት ያላለቀሱትን ለቁርጥ አለቀሱ።

አምና ፍልሰታ እኩሌታ ላይ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ፊታቸው ክብ ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመችቶዎታል!» ይላል፤ ባለቤታቸው እትዬ ሰብለም የእጃቸው ሙያ እንደተመሰከረላቸው ቆጥረው ፈገግ ይላሉ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በፍልሰታ የሚወፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለነገሩ ንስሐ አባታቸው እንዳይጾሙ አዘዋቸዋል። ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጃንጥላ ይዘው ብቻቸውን ሹልክ ይላሉ። ሰንጋ ተራ ደግሞ በጾም የማይዘጋ አንድ ሥጋ ቤት አለ።

ቁርጥ ነው አልኩ።

አንድ ቀን በዝናብ ተከተልኳቸው። ትንሽ ሄዱና ቆመው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቀጠሉ። ደግሞ ቆሙ፤ ደግሞ ስልክ። በዚህ ሰዓት ይህን ያህል የሚፈልጋቸው ማነው? ሥጋ ቆራጩ? ሦስተኛ ጊዜ ሲቆሙ አላስቻለኝም፤ ደወልኩላቸው። ስልኩ እዚያው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ጮኸ።

ደንግጠው ዞር ሲሉ ተያየን። ለካ የሚቆሙት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው፤ ስልኩ ለሰው ዓይን ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ በዚያ ዝናብ ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ እግራቸው አብጦ የካልሲያቸው ጠርዝ ሰምጧል። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ጫማዎስ?»

«ጠበበኝ እኮ። ይኸው ወፈርኩ አይደል?»

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ታክሲ አስቁሜ፣ እትዬ ሰብለን ጠርቼ፣ እየተቆጡኝ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። ሐኪሟ መዘነቻቸው፤ ልባቸውን በአልትራሳውንድ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። ጋሽ መኮንን አልዋሹም ነበር። የተተከለ ልብ ነርቩ ተቆርጦ ስለሚመጣ ሲታመም እንደ እኔና እናንተ ልብ አይጮህም። ያ ሁሉ «ተመችቶዎታል» የተባለለት ውፍረት ውሃ ነበር፤ ሰውነታቸው ልቡን መዋጋት ጀምሯል።

«መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» አለቻቸው።

«የጠዋቱን ከቀትሩ ቅዳሴ ስመለስ ነው የምውጠው» አሉ። «እየጾምኩ ነው።»

እትዬ ሰብለ ጮኹ። «ቁርስዎንስ? በየቀኑ የማቀርበውንስ?»

«ለድመቷ። አትቆጪኝ ሰብለ። ለራሴ አይደለም፣ ለልጁ ነው። ልቡን ሰጥቶኝ ስሙን እንኳ አላውቅም፤ ሌላ ምን ላድርግለት?»

በላ ብዬ የተከተልኩት ሰው ጥፋቱ አለመብላት ሆነ። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ።

ሕንድ ካሉት ሐኪሞች ጋር እየተመካከሩ በከባድ መድኃኒት አተረፏቸው። ሲወጡ ሐኪሟ፣ «እንዴት ነዎት ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ደህና ነኝ ነው የሚሉት። በየጠዋቱ መዝኗቸው፣ እግራቸውን እዩ፣ ጠርጥሩ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እነሆ ባለቤቴ በሽታ የምትለው ጠባዬ በሐኪም ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሚዛኔን ይዤ እወጣለሁ።

የልጁ ነገር ግን ጋሽ መኮንንን እረፍት ነሳቸው። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲቃረብ፣ ጀግና ልሁን ብዬ፣ «እርስዎ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውጡ፤ እኔ እጾምለታለሁ» አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ግድም፣ መንገድ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«የት ነህ?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ዞር በል።»

ዞርኩ። ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከሁሉ በፊት እግራቸውን አየሁ፤ ጫማ አድርገዋል። ያን ሁሉ መንገድ ከልደታ ሰንጋ ተራ ድረስ ሲከተሉኝ ትንፋሻቸው አልተቆራረጠም። ደስ አለኝ።

እሳቸው ግን እኔን ትተው ከፊቴ ያለውን የሥጋ ቤት በር አዩ፤ ከዚያ ሆዴን።

«ወፈር አልክ ልበል?» አሉኝ።