ተመላላሹ ሳንዱች

ልጃቸው ከሚጠግብ ምሳ ዕቃው ቢያምር የሚመርጡ እናቶች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እዚህ ሶዶ አንዷ ታላቅ እህቴ ናት፤ አብሬያት ነው የምኖረው። ልጇ ማርታ ሳንዱች አትወድም። እህቴ ግን ጠዋት ጠዋት በእንቁላል ትሠራላታለች። ሳንዱቹ በክብር ባጃጅ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ከሰዓት በሰላም ይመለሳል። ማርታ በረሃብ ከሳች።

«እትዬ፣ ቦዬ ቀቅለን በዳጣ ብንሰጣትስ?» አልኩ አንድ ቀን። ቦዬ እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላ ያገራችን ሥራ ሥር ነው። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«አንቺ ደግሞ! በሰው ልጅ ፊት ቦዬ ልታስከፍቺያት ነው?»

በማግስቱ ግን ተደብቄ ሳንዱቹን በቦዬ ቀየርኩት። ምሳ ዕቃው ተጠራርጎ መጣ። በሁለት ሳምንት የማርታ ጉንጭ ሞላ፤ እህቴም «ሳንዱቼን ለመደች» እያለች ለሰፈሩ አወራች።

ትናንት ጎረቤታችን መጣች። «የማርታ እናት፣ ልጄ የማርታን ዓይነት ምሳ ካልሆነ አልበላም አለችኝ። እንዴት ነው የምትሠሪው?»

እህቴ ወንበር ሳበችላት። «ዋናው ዳቦው ነው። ሁለቱንም ጎን ቅቤ ትቀቢያለሽ፣ እንቁላሉን መሀል ታደርጊያለሽ...»

«እሺ፤ ቦዬውንስ መቼ ነው የምትጨምሪው?»

እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እሱማ መጨረሻ ላይ ነው» አለቻት፣ ፊቷ እንኳ ሳይለወጥ።

ዛሬ ጠዋት ቦዬውን የላጠችው ራሷ ናት። ሳንዱቹንም አልተወችውም፤ ለእኔ ሠራችልኝና እስክጨርስ ፊቴ ቆማ ጠበቀችኝ።