ገደል መሃል የጠፋው ልምዴ

የማያውቀውን የሚያስተምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ መርካቶ ብቅ በሉና እኔን ጠይቁ። ገመድ ሻጭ ነኝ። ገመድ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ገደል መውረድ የሚችል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ደንበኞቼ አፋር በረሃ ውስጥ ያለ ጠባብ ሸለቆ በገመድ ሊወርዱ ሲነሱ፣ «እኔም ልምድ አለኝ፣ አብሬያችሁ ልሂድ» አልኳቸው። ምን ልምድ? ከሱቄ ቆጥ ላይ ከመውረድ በቀር ምንም! መንገዱን ሙሉ ግን ስመክር ዋልኩ። በተለይ ጡረታ የወጡትን መምህርት፣ እትዬ አልማዝን፣ «አይፍሩ፣ እኔ አለሁ» እያልኩ አሰለቸኋቸው።

መጨረሻ የቀረነው እኔና እሳቸው ነበርን። ገደሉን አጋምሼ ወደ ታች ሳይ እጄ ደረቀ። ገመዱን አንቄ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። እትዬ አልማዝ በጎን ባለው ገመድ ወርደው አጠገቤ ደረሱ።

«ልጄ፣ ታች ታቹን አትይ፤ እኔን እይ። በል ቀኝ እግርህን ዝቅ አድርግ።»

እንዲህ እያሉ አወረዱኝ። ቀድመው የወረዱት ከመታጠፊያው ባሻገር ስለነበሩ አላዩንም። «ምነው ቆያችሁ?» ሲሉን ምን ብል ጥሩ ነው?

«እትዬ ፈርተው እሳቸውን ስጠብቅ ነው!»

እሳቸው ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ «እውነቱን ነው፤ እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አሉ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ እትዬ አልማዝ መሳለሚያ ላይ ተሰናብተውን ከመኪናው ወረዱ። በመስኮቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ «ደህና ይግቡ» ብቻ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ለእናንተ መናገሩ ቀለለኝ፤ አታውቁኝማ።