በጀማል ወንበር የተቀመጠው ማሽላ

ቀለም ስንወድ! በለውጡ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልተቀባ ነገር አልነበረም፤ የሱቅ በር፣ አጥር፣ የመንገድ ጠርዝ። እኔ ራሴ የእህል መጋዘኔን ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀብቼ ሳበቃ አገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ምን እንዳለ ማን ፍቆ ይየው? መፋቅ ያደክማል፤ መቀባት ደግሞ ደስ ይላል።

ጎረቤቴ ጋሽ ይመርም ያኔ መኪናውን ቀባ። መኪና ስላችሁ ቤተሰብ የምታሳፍር እንዳትመስላችሁ። ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ለፍጥነት የተሠራች ቀይ የጣሊያን መኪና ናት። በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ላይ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛት። ሁለተኛው ወንበር ለሚስቱ ለእትዬ ፋጡማ ነው ስንል፣ አንድ ልጃቸው ጀማል ተወለደና ወረሰው። አባትና ልጅ ውጫሌ ገበያ በመኪና ሲበሩ እሷ በአውቶቡስ ትከተላቸዋለች። እንዴት እንስቅ እንደነበር!

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጀማል ዘመተ። ጦርነቱ እኛ ደጃፍ ሲደርስ ጋሽ ይመር መኪናዋን ጓሮ አስገብቶ በጭድ ቀበራት፤ ጭዱም ሁለት ክረምት ሙሉ ውሃ ጠጣባት። ሰላም ሆነ ተባለ። ከዘመቱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ጀማል አልተመለሰም። መርዶም አልመጣ። እትዬ ፋጡማ “ሰደቃ እናውጣለት” ባለች ቁጥር ጋሽ ይመር፣ “ላልሞተ ሰው!” ብሎ ቤቱን ጥሎ ይወጣል። አንድ ቀን ወጥቶ በያጁን አስናቀን ይዞ ተመለሰ። ልጁ ሲመጣ ደሴ ድረስ ሄዶ የሚቀበለው በዚያች መኪና ነዋ።

አስናቀ ቀለሙን ሲፍቀው የቀዳዳ መሙያው ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ምንም። ጣቱ ዘልቆ ገባ።

“ጋሼ፣ ጣሪያ የሌላት መኪና ወገቧ ይኸ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ነው” አለ። “በአዲስ ልተካው ብዬ እንዲሁ ከቆረጥኩት ለሁለት ትታጠፋለች። መጀመሪያ የበሩን ክፍተት በአግዳሚ ብረት ልወጥረው። ስወጥረውም በሁለቱም ወንበር የሰው ክብደት ይኑር፤ አለዚያ ኋላ ሰው ሲቀመጥ በሩ አይገጥምም።”

“በአንዱ እኔ እቀመጣለሁ።”

አስናቀ ለሌላው ወንበር ከጎናቸው ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ።

“ኧረ እሱ ወፍራም ነው!” አለ ጋሽ ይመር። “የጀማል ወንበር እኮ ነው። ለዘመቻው ሲመዘገብ ስልሳ ሁለት ኪሎ ነበር። ማሽላ መዝነህ አምጣልኝ።”

ሚዛኔን አመጣሁ። ሐይቅ ውስጥ ይህን ሚዛን የማይጠረጥር ሰው የለም፤ ሐቁን ልንገራችሁ፣ አልፈርድባቸውም። የዚያን ቀን ግን አንዲት ፍሬ ሳላጎድል መዘንኩ።

“ስልሳ ሁለት?” አለች እትዬ ፋጡማ ከደጃፉ። “ወላሂ ልጄ ስልሳ አምስት ነበር! የተመዘገበ ሰሞን ከሐሳብ ብዛት እህል አልቀመሰም።”

“አሁን ከስቶ ይሆናላ!” ጮኸ ጋሽ ይመር።

እሷ ወደ ሚዛኑ መጣች። እኔን አየችኝ። ሦስት ኪሎ ጨመርኩ፤ ጋሽ ይመርም የጆንያውን አፍ ያዘልኝ።

ጆንያውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ጋሽ ይመር አጠገቡ ገብቶ የፍንጣሪ መከላከያ ብርድ ልብስ ለራሱ ደረበ፤ ግማሹን ለጆንያው አለበሰ። ብየዳው ሲጀመር ጆንያው ወደ እሱ ዘመም አለ። በክንዱ ደገፈው። እንደደገፈው ቆየ።

አስናቀ በሩን ከፍቶ ዘጋው። “ገጠመ! በሉ ማሽላውን እናውርድ።”

ማንም አልተነሣም። ጋሽ ይመር ፊቱን ጆንያው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አስናቀም የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ ቆመ። 

“ፋጤ፣” አለ ጋሽ ይመር ቀና ሳይል፣ “ለሰደቃው ይኸ ይበቃል?”

“ይበቃል፣ የኔ ጌታ” አለች። “ይበቃል።”

በማግስቱ ማሽላው ተፈጨ፤ ሰደቃው ወጣ። ሼሁም ቄሱም መጥተው ተቀመጡ። መንደሩ በላ፤ እኔም በላሁ፤ መጉረሱ እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቁኝ።

መኪናዋ ዛሬም ጓሮ አለች። አስናቀ ባገኘኝ ቁጥር “ዝግጅቱ አልቋል፤ የዛገውን ብረት መቼ ልቁረጠው?” ይለኛል። እኔ ምን አውቄ? አግዳሚው ብረት እስካለ ድረስ በበሩ የሚገባ የለም፤ ጋሽ ይመር ግን በየማለዳው ይሄድና በጀማል ወንበር በኩል ያለውን በር ከፈት አድርጎ መልሶ ይዘጋዋል።

አሁንም ይገጥማል።