አትማን ዘሞምባሳ ቀርፋፋውን ዲስክ ድል ስለ መንሣታቸው

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለአትማን። በአሮጌው ላፕቶፕ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ፣ የሰገነቱ የውሃ ታንከር በተሰነጠቀ በማግስቱ ዓመት፣ በወርኃ ወበቅ፣ ሥዩመ እናቱ፣ ሞዓ ዘጋሚ፣ የሠርግ ፊልም ሁሉ ቀራጭ፣ የባለ ሦስት እግር ካሜራ ጌታ አትማን ወልደ ዙልፋ፣ በሞምባሳ አሮጌ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ፊት ለፊት ባለው ፎቅ፣ በእናታቸው ቤት ነግሠው ይኖሩ ነበር። ይህን የምጽፍ እኔ የታችኛው ፎቅ ተከራይ ነኝ። ጸሐፌ ትእዛዝ አድርጎ የሾመኝ የለም፤ ነገር ግን ጣሪያዬ የእርሳቸው ወለል ነውና ያመለጠኝ ነገር የለም፤ በዚያ ላይ ዋይፋዩ የኔ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር ሥር የጨረሱት፣ በሰፈሩ የተፈሩት ሽማግሌ ምዜ ፋማው ታላቂቱን ልጃቸውን ሩክያን ወደ ዛንዚባር በዳሩ ጊዜ፣ የሠርጉን ፊልም አንሥተው እንዲያቀናብሩ ለአትማን ሰጧቸው። የአትማን ልብ ደግሞ ከታናሺቱ ከስዋብራ ዘንድ ከሄደ ቆይቶ ነበርና ሥራውን በነጻ፣ ያውም በደስታ ተቀበሉ። ይሁን እንጂ አሮጌው ላፕቶፕ አንዲት ቁራጭ ፊልም ለመክፈት ሰው ገበያ ወጥቶ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ እስኪመለስ ይፈጅባቸው ነበርና፣ ሙሽራዪቱ አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ፊልሙ ገና አልተወለደም። ምዜ ፋማውም ታገሡ፣ ታገሡና አንድ ቀን ከመስጊድ ሲወጡ በሰው ሁሉ ፊት አዋጅ ነገሩ፦

«የእህቷን ሠርግ መጨረስ ያቃተው ሰው የራሱን እንዴት ሊጨርስ ነው? ስማ አንተ ልጅ፣ እስከ ዓርብ ፊልሙን ካላየሁ የስዋብራን ስም ካፍህ እንዳልሰማ።»

አትማን ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጅቱን ከልባቸው ይወዷታል፤ ሽማግሌው ደግሞ አንዴ ከተናገሩ ንቅንቅ የሚሉ ሰው አይደሉም።

ወእምዝ አትማን ለሌንስ መግዣ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው፣ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን፣ ቁመቱ ከአንዲት ማስቲካ የማይበልጥ፣ ፍጥነቱ ግን በሻጩ አፍ የተመሰከረለትን አዲስ ዲስክ ገዙ። ከላፕቶፑም ሆድ ሊያስገቡት ወደ ምግብ ጠረጴዛው በዘመቱ ጊዜ የተከተሏቸው ሠራዊት እነዚህ ነበሩ፦ ስልክ ጠጋኙ ኮምቦ፣ የደቃቅ ብሎኖች ደጃዝማች፣ ምንም ነገር ሳያይ «እሱ ቀላል ነው» የሚል፤ እናታቸው ቢ ዙልፋ፣ የአዲስ ዕቃ ሁሉ ጠባቂ፣ ከወንበር ጀርባ ቆመው የሚያዩ፤ የቤቱ ድመት፤ በመጨረሻም እኔ፣ ባትሪ የማበራ።

ስለ ቢ ዙልፋ ትንሽ ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። በቤታቸው ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፣ ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው፣ የፍሪጁ በር ፋብሪካ እንደለበጠው ነው። በወበቅ ቀን እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሲነሣ ሱሪው ተጣብቆ ይቀርና ሰውየው ብቻ ይነሣል። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚሁ ነው፤ ላስቲኩን የገፈፈ ሰው ዕቃውን እንዳስረጀ ይቆጠራል፤ የቢ ዙልፋ ግን ከሁሉም ይብሳል።

ዲስኩም ገባ፤ የአሮጌው ዲስክ ሀብት ሁሉ ወደ አዲሱ ተሻገረ፤ ብሎኖቹ ተመለሱ፣ አንዷ ስትቀር፤ እርሷን ድመቷ ትወቀስባታለች። ላፕቶፑ በተነሣ ጊዜ እንዴት ያለ ፍጥነት ነበር! አትማን ቆመው ጨፈሩ፣ ኮምቦም አላልኳችሁም አለ። ነገር ግን የሠርጉን ፊልም ከፍተው ጥቂት እንደሠሩ ዲስኩ መንፏቀቅ ጀመረ፤ ምስሉ ተገተረ፤ ሙሽራው ቀለበቱን ሊያጠልቅ እጁን እንደዘረጋ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ እጁን አላጠፈም። ቢያጠፉትና ቢያሳርፉት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል፣ ተመልሶም ይዘገማል። ከአሮጌውም ባሰ።

ያን ጊዜ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ኮምቦ ዲስኩ ፎርጅድ ነው ብሎ ፈረደ፤ ቁጥሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ቢያመሳክሩት ግን እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምቦም እኔ መች አልኩ አለ። ዊንዶውሱን ከሥሩ ነቅለው እንደገና ተከሉት፤ ያው ነው። ኃይል መቆጠቢያውን አጠፉ፤ ያው ነው። የዲስኩን የውስጥ ሶፍትዌር አዲሱን አወረዱለት፣ በኔ ዋይፋይ፣ እኔ የምከታተለው ድራማ ተቋርጦ፤ ያውም ያው ነው። አትማን ምግብ ተዉ፤ ስዋብራ ስትደውል ስልኩን በፍርሃት ያያሉ እንጂ አያነሡም። እኔ እንኳ፣ ሰው ሲሸነፍ ማየት የማይከፋኝ ሰው፣ አዘንኩላቸው።

ሐሙስ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። አትማንም ሠራዊታቸውን አስከትለው፣ ጄነሬተር ወዳለው የዓሣ ገበያው በረዶ ቤት ወረዱ፤ በተቆለሉ የቀይ ዓሣ ሣጥኖች መካከል፣ በረዶ በሞላበት በርሜል ክዳን ላይ ላፕቶፑን አኖሩት። እነሆም ተአምር ሆነ፤ ፊልሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ሙሽራው ቀለበቱን አጠለቀ፣ አጎቶች ፒላው የሚባለውን የሠርግ ሩዝ በሉ፣ እኔም ጥርሴ እየተንገጫገጨ እልል አልኩ። ባለ በረዶው ግን ዓሣ ገዥ እያሸሻችሁብኝ ነው ብሎ አባረረን። ወደ ወበቁ በወጣን ጊዜ ዲስኩ ተመልሶ ዘገመ።

አትማን በዚያ ጎዳና ላይ ቆሙና ነገሩ ገባቸው። ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ዲስኩ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገማል። ቤት ገብተው ላፕቶፑን ፈቱት። ከዲስኩ ጀርባ ሙቀቱን ጠጥታ ወደ ብረቱ ክዳን የምታሻግር ለስላሳ ንጣፍ አለች፤ በንጣፊቱም ላይ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ፣ ሳይነካ፣ ሰማያዊ ላስቲክ ተለጥፎ ተቀምጧል። ኮምቦ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ዲስኩ በገባ ዕለት ባትሪውን አብርቼ ያየሁ እኔም ነበርኩ፤ አትማን የላስቲኩን ጫፍ ቆንጥረው ሳሉ ከጀርባ «ተው!» የሚል ድምፅ ሲሰሙ እጃቸው በልማድ ተመልሶ ነበር። ድምፁም የማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

«እኔ ነኝ» አሉ ቢ ዙልፋ ሳይጠየቁ። «አዲስ ዕቃ ነው ብዬ ነዋ። ምን አጠፋሁ?»

አትማንም በቁጣና በፍቅር መካከል ተይዘው አወጁ፦ «በላፕቶፕ ውስጥ ያለ ላስቲክ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ይነሣ። ሶፋው ባለበት ይቆይ።»

እናቲቱ በዚህ ታረቁ፤ የተላጠውንም ላስቲክ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ዲስኩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በወበቁ ላይ ፈጠነ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፊልሙ አለቀ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ በምዜ ፋማው ሳሎን ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ፤ ሩክያም ከዛንዚባር በስልክ ቪዲዮ ታየች። ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያያዘ፤ ፊልሙ አንዴም ሳይገተር ሄደ፤ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዩ ነበር። ሙሽራዪቱ ወደ መኪናው ስትሄድ ግን ካሜራው ወደ ጎን ዞረ። በአንድ ሚኒባስ ጀርባ ምዜ ፋማው ብቻቸውን ቆመው፣ የነጭ ቀሚሳቸውን እጅጌ ነክሰው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳሉ። እኚህ ሰው በሠርጉ ማግስት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም ብለው ለሰፈሩ ሁሉ የማሉ ናቸው።

ምዜ ፋማው ቴሌቪዥኑን ሳያዩ «ይሄን ቁረጠው» አሉ።

አትማን ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አደረጉ። በአሮጌው ዘመን ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ አሁን ለመቁረጥ ዓይን ከመርገብገብ አይዘገይም።

«አባባ» አለች ሩክያ ከስልኩ ውስጥ። «እኔ እኮ አላለቀስክልኝም ብዬ አዝኜ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። አትማን፣ እባክህ ተወው።»

ኦ አትማን! ሳሎኑ ሁሉ እያያቸው፣ ስዋብራ ከጓዳ በር ሆና እያየቻቸው፣ የሚወዷትን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ፣ ጣታቸውን ቀስ አድርገው አነሡ። የበረዶ ቤቱ ዘማች፣ የላስቲክ ገፋፊ፣ የዘጋሚዎች ድል አድራጊ ተብለው ይዘመርላቸው፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የማወድሳቸው ስለዚያ ጣት ነው። ምዜ ፋማውም ፊታቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ በሰው ሁሉ ፊት የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦

«እሺ። ስዋብራን ለመውሰድ ስትመጣ ግን ካሜራ እንዳታስመጣ።»