ተከራይ ለማስወጣት በጠዋት አይኬድም

ቤት ልታከራዩ ነው አሉ። ደግ አደረጋችሁ። እኔም ጌጃ ሰፈር ከግቢዬ ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሳከራይ ነው የሸበትኩት፤ ምክር ቢጤ አላጣም። ውሃ በመጣ ቀን ተከራይም ይቅዳ፤ ቧንቧው ላይ ዘብ አትቁሙ። ደላላ «ሰውየው ጨዋ ነው» ካላችሁ፣ ሰውየውን ገና አላየውም ማለት ነው። ዋናው ምክሬ ግን ሌላ ነው። ተከራይ ልታስወጡ ከሆነ በጠዋት አትሂዱ። ሽማግሌ ይዛችሁማ ጭራሽ!

ለምን በሉኝ።

ተከራዬ ሰናይት ትባላለች። ሜክሲኮ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ዝምተኛ ልጅ፤ ደብረ ብርሃን የታመሙ እናት አሏት። እኔ ደግሞ ክፍሏን ወደ መንገዱ ከፍቼ ሱቅ ላደርጋት አማረኝ። ብቻዬን ልንገራት? እንዴት ሆኖ! እኛ ሰፈር ከባድ ነገር የሚነገረው በሽማግሌ ነው። የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ መኮንንንና ጎረቤቴን እትዬ የሺን ለመንኳቸው። ልጅቷ የታክሲ ሰልፍ ሽሽት ማልዳ ስለምትወጣ፣ ሳትወጣ እንድረስባት ተባባልን።

ብርድ ነበር። ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። አንኳኳን። ሰናይት ከፈተች። አየችን፤ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ «እናቴን!» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

በማለዳ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ በር የሚያንኳኳ ሰው ለምን ይመጣል? ለመርዶ እንጂ! ኧረ ማንም አልሞተም አልናት። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጭራሽ ባሰባት። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ መጣ፤ ማን ሞተ ሳይል አብሮ አለቀሰ። ጋሽ መኮንን ራሳቸው እንባ አወጡ። በኋላ ብጠይቃቸው፣ ሰው ሲያለቅስ ቆሜ ልይ ወይ አሉኝ።

በስንት መከራ በእኔ ስልክ እናትየዋ ጋ ተደወለ። አነሱ። ሰናይት ድምፃቸውን ስትሰማ እንደገና ሌላ ለቅሶ። እናትየዋ ከአከራይሽ ጋር አገናኚኝ አሏት። ልጄን እንደ ልጅዎ ይዘውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው መረቁኝ። ሰናይት ዓይኗን እየጠረገች፣ ታዲያ ለምን መጣችሁ አለች። እትዬ የሺ አፋቸው አያርፍም፤ ቤቱን እንድትለቂ ልንለምንሽ ነበር አሏት። እኔ ቶሎ ብዬ ለጊዜው ተዪው አልኩ። ያን ሁሉ ምርቃት ተቀብዬ እንዴት ላስወጣት?

ሱቁ ቀረ። ክረምቱም ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ደወለልኝ። ቁጥሬን ያገኘው ያን ዕለት እናቱ ስልክ ላይ ከተደወለው ነው። እናታቸው አርፈዋል። በደንቡ ንገሩልኝ፣ ለቀብር አድርሱልኝ አለኝ፤ እያለቀሰ። እዚህ ሌላ ዘመድ የላትም።

በደንቡ ማለት እንግዲህ በማለዳ፣ ከሽማግሌ ጋር ነው። ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? እነዚያኑ ጋሽ መኮንንንና እትዬ የሺን ይዤ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን የሚያደርሳትን መኪና ውጭ አቆምን። አንኳኳን።

ሰናይት ከፈተች። አየችን፤ አንድ በአንድ አየችን። ስትወድቅ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«ገባኝ ጋሼ፤ ዛሬስ አልጮህም» አለች። «እለቅላችኋለሁ። ብቻ እናቴ ለሕክምና ልትመጣልኝ ነው። እሷ ታክማ እስክትመለስ ታገሱኝ።»

ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አፋቸው የማያርፈው እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነው፤ አከራዩ እኔ ነኝ።

አደራችሁን፣ ብቻ በጠዋት አትሂዱ። እኔ ያን ጊዜ በልቤ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ምነው ዛሬም ቤት ልቀቂ ልላት በሆነ አመጣጤ!